እኔን ማለት ክልክል ነው

በጎንደር ከተማ ከእኔ ቀስ ብሎ የሚነዳ የባጃጅ ሹፌር ካለ ይውጣና ይናገር። ዱሮ እንዲህ አልነበርሁም። ከፒያሳ ማራኪ ስበር ተሳፋሪው በየመታጠፊያው ስለት ይሳል ነበር። አሁን ሰዓቱን እያየ ይተነፍሳል፤ አንዳንዱም መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ይቀድመኛል። አንድ ቀን ከገበያ የምትመለስ ሴትዮ ትዕግሥቷ አለቀና፣ «ምነው ልጄ፣ እንቁላል ጭነሃል እንዴ?» አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ከጎኗ የተቀመጠችው ልጄ መለሰችላት።

«እኔን ነው የጫነው» አለች።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷን ያየ ግን አራት ይላታል። አጥንቷ ከተፈጥሮዋ ስስ ነው። ሌላ ልጅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ በሚነሣበት አወዳደቅ እሷ ጀሶ ታስራ ትመለሳለች። ሕፃን ሳለች እናቷ ካልሲ ስታጠልቅላት እግሯ ተሰበረ። ካልሲ እግር ይሰብራል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር። ሚስቴ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ካልሲ የሚባል ነገር ቤት አላስገባችም፤ የእኔንም ጭምር ሰብስባ ለሰው ሰጠችው። እኔም ብርዱን ቻልሁት።

ሐኪሙ የበሽታውን ስም በእንግሊዝኛ ነገረን። ተናግሮ እስኪጨርሰው እኔ አንድ ተሳፋሪ አድርሼ እመለስ ነበር። እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው አለን። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «እምብዛም የማይገኝ ነገር እኛ ቤት ምን ሊሠራ መጣ?» አለች። የልጄ ነጩ ዓይኗ ወደ ሰማያዊ ይመታል፤ ያየ ሁሉ ያደንቀዋል። ሐኪሙ እሱም ከዚያው ከበሽታው የመጣ ነው ሲለን ሚስቴ ተነሥታ ወጣች። ኮሪደር ላይ ደርሼባት፣ «ምን ሆንሽ?» ብላት፣ «ቆንጆ ነገር ሲኖራትም በሽታ ነው ይበሉኝ?» አለችኝ። እኔንም ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ሐኪሙን ማኩረፍ ስላልቻለች ይሆናል።

ከሐኪሙ ምክር ሁሉ አንዱን አልረሳውም። አጥንት ሥራ ካልሰጡት ይብሱን ይሰንፋል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ በዎከር፣ በዚያ ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ፣ ትራመድ አለን። «ከተራመደች በእግሯ ትምህርት ቤት ትገባለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከተቀመጠች ግን ተቀምጣ ልትቀር ትችላለች» አለ። ያችን የመጨረሻዋን ቃል እኔም ሚስቴም ልጅቷ ባለችበት ደግመን አናውቅም።

ዎከሩን ብየዳ ቤት ወስጄ በልኳ አሠራሁላት፤ ቀይ ቀለምም አስቀባሁት። አራት እግር ስላለው «ፍየሌ» አለችው። ጠዋት ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ «ፍየሌን አምጡልኝ» ትላለች። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ከጫፍ ጫፍ ትመላለሳለች። ፍየሏ ስትንቋቋ ጎረቤቱ ሁሉ መንቃቷን ያውቃል። በዚያ ድምፅ ያልተማረረ እኔና ሚስቴ ብቻ ነን።

አሁን ስለ አንዲት ቃል ልናገር። የእኛ አገር ሰው፣ ሰው ሲደናቀፍ ካየ አፉ አያርፍም። «እኔን!» ይላል። አንጀቱ የባሰበት ደግሞ «እኔን ይድፋኝ!» ይላል። የጎንደር ሰው በዚህ በኩል ቸር ነው፤ አይቶህ የማያውቅ ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኖ በነጻ ይደፋልሃል። ልጄ ፍየሏን ይዛ ከግቢ ስትወጣ የሰፈሩ ሰው ገና ሳትደናቀፍ ይጀምራል። ከሁሉ ግን እናቴን የሚያህል የለም። እናቴ ልጅቷ ስታስነጥስም ትደፋለች።

እናቴ የምትኖረው አምባ ጊዮርጊስ ነው። ባለፈው ክረምት መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ሰማችና ፍልሰታን ከእኛ ጋር ልትጾም መጣች፤ ድንቿንና ቆሎዋን አሸክማ፣ ምክሯንም ጨምራ። ገና ጋቢዋን ሳታወልቅ፣ «አንድ ሸጋ ወጌሻ አግኝቻለሁ» አለችኝ። የሚታሽ ነገር አይደለም፣ ሲፈጠር የጎደለው ነገር አለ፣ መታሸትም ይሰብራታል ብዬ አስረዳኋት። እሷም በጥሞና ሰማችኝና፣ «ይሁን ልጄ» አለች። በማግሥቱ፣ «ያ ወጌሻ እኮ እጁ ለስላሳ ነው» ብላ ጀመረች።

አንድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ልጄ በረንዳው ላይ ትመላለስ ነበር። እናቴ ግቢው መሃል ሆና ለዶሮዎቹ ጥሬ ትበትናለች። የፍየሏ አንድ እግር እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንሸራተተና ልጄ ዝግ ብላ በመቀመጫዋ ቁጭ አለች። ምንም አልሆነችም። እናቷ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጣ የሰፋችላትን ትራስም መቀመጫዋ ላይ ታጥቃ ነበር። እናቴ ግን ይህን የምታጣራበት ጊዜ አልነበራትም። ጥሬውን ጥላ፣ «እኔን ይድፋኝ!» ብላ ሮጠች። ጭቃው አዳለጣት። ቃሉን ሳትጨርስ በግንባሯ ተደፋች።

በራጅ ሲታይ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሯል። ጀሶ ሲያስሩላት እንደሌላ ሰው ታቃስታለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በርቶ ቁጭ አለች። አጠገቧ ላለችው በሽተኛ፣ «ይኸው ሰማኝ እህቴ» ትላታለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ እኔን አድርገው እያልሁ ለመንሁት። ለልጄ የታዘዘውን ዛሬ እኔ ተቀበልሁት። ተመስገን!» ሴትዮዋም እያለቀሰች፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች። ነርሷ ሳትቀር አብራ አመሰገነች። ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ጀሶውን ታያለች። እኔ እናቴ በመሣቋ ደስ ብሎኝ የልጄን ፊት አላየሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ፍየሏን አምጡልኝ አላለችም። «ዛሬ ደክሞኛል» አለች። ይሁን አልን። በሦስተኛው ቀን እግሬን አሞኛል አለች። እግሯን አሞኛል ማለት እኛ ቤት እንደ እሳት አደጋ ጥሪ ነው፤ ባጃጄን አስነሥቼ እንደ ዱሮዬ በርሬ ሆስፒታል ደረስሁ። ራጅ ተነሣች። ምንም የለም። ሐኪሙ ጉልበቷን ቁርጭምጭሚቷን ቢነካካ አያማትም። «ፈርታ ይሆናል» አለን። እሷ ግን ወድቃ ፈርታ የምታውቅ ልጅ አይደለችም። ጀሶዋ ሳይፈታ ዳንስ የምትጨፍር ልጅ ናት።

ከዚያ ቀኑ ሁሉ ያው ሆነ። ሚስቴ በብስኩት ለመነቻት፤ ብስኩቱን በላችና ተቀመጠች። እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ፤ ተቆጣሁ። ቀስ ብላ አየችኝና፣ «ብትቆጣም አልነሣም» አለችኝ፤ በትሕትና። እናቴ በአንድ እጇ እያቀፈቻት፣ «ተውአት፣ ጊዜዋ ሲደርስ ትነሣለች» ትላለች። ፍየሏ ጥግ ቆማ አቧራ ለበሰች። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጎረቤታችን በአጥር ብቅ ብላ፣ «ድምፁ ጠፋ እኮ፣ ደህና ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። በዚያ ድምፅ ስትማረር የኖረች ሴት ናት።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አዲስ ዓመት አልፎ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ሰፋችላትና ቀሚሱ የት ድረስ እንደሚታጠፍ ለማየት፣ «ተነሺና ልለካልሽ» አለቻት። ልጄ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች፣ «ተቀምጬ ለኪኝ» አለች።

ሚስቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ እኔ ዞረች። ሁለታችንም ያች የሐኪሙ ቃል ትዝ አለችን። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከተወለደች ጀምሮ፣ ከስብራቱ ሁሉ፣ እንደዚያን ዕለት ፈርቼ አላውቅም። የተሰበረ አጥንት ጀሶ አለው፤ ለዚህ ግን ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ባጃጄን ግቢ ውስጥ አጥባለሁ፤ ልጄ እንደ ልማዷ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እዚያ ሆና አለቃዬ ትሆናለች፤ ይህን አልጠረግህም፣ ያን ረሳህ ትለኛለች። ያን ቀን ግን ጽዳቱን ትታ፣

«አባዬ፣ አንተ ስትደፋ ባጃጁን ማን ይነዳዋል?» አለችኝ።

«ማን ሊደፋኝ ነው?» አልኋት።

«አንተም እኮ እኔን ይድፋኝ ትላለህ። እማዬም ትላለች። እምዬን ሰማትና እጇ ተሰበረ። ቀጥሎ ያንተን ይሰማል።»

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣልሁት። እሷ ግን አስባ የጨረሰችው ነገር ስለነበር ሳትቸኩል አስረዳችኝ። «እኔ ካልተራመድሁ አልወድቅም። ካልወደቅሁ እኔን አትሉም። ካላላችሁ ደግሞ እግዜር ምንም አይሰማም።» እንዲህ ብላ እግሮቿን ወንበሩ ላይ አስተካክላ ሰበሰበቻቸው። ለካ ያን ሁሉ ቀን እኛን ከመደፋት ልታድን ነው የተቀመጠችው።

እሱ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው፣ እውነት አይደለም አልኋት። «እውነት ካልሆነ ለምን ትሉታላችሁ?» አለች። ስለምንወድሽ ልል ፈልጌ ሌላ ወጣኝ። «አፌ ነው እንጂ እኔ እኮ አይደለሁም የምለው» አልኋት።

«አፍህ ያንተ አይደለም?» አለችኝ። በዚህች ልጅ መረታት ለምጃለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ተረትቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለሁለቱ ሴቶች ነገርኋቸው። ሚስቴ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ወደ እናቴ ዞረች። «እማማ፣ እባክዎ ልመናዎን መልሰው ይውሰዱ» አለቻት። እናቴ ግራ ተጋባች። መሰማቷን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች፤ አምባ ጊዮርጊስም ስልክ ደውላለች። «የሰማኝን ጌታ አልሰማኸኝም ልበለው?» አለች። «እግዜርን ውሸታም ከማደርግ ሁለተኛውን እጄን ብሰብር ይሻለኛል።» «ኧረ እማማ፣ እሱንም አይበሉ!» አለች ሚስቴ።

ግን እናቴ ሞኝ አይደለችም። ተነሣችና ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። «አንቺ የኔ ሸጋ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለቻት። «የደፋኝ እግዜር አይደለም። እሱ ስንት ሥራ አለበት። ጫማዬ ነው።» ከአልጋው ሥር የላስቲክ ጫማዋን አወጣችና ገልብጣ ሰጠቻት። ልጄ ሶሉን በጣቷ ዳሰሰችው፤ አርጅቶ ልሙጥ ብሏል። ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው፤ የእሷንም ጫማ ገልብጣ አስተያየችው።

«አልቋል» አለች በመጨረሻ። «ለምን ሌላ አትገዢም?»

«እገዛለሁ» አለች እናቴ፤ እሷን የሚያህል ሴት አንገቷን ደፍታ።

ልጄ ግማሹን አመነች መሰለኝ። ግማሹን ስላላመነች ደግሞ ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት እኔን የሚል እንዳይኖር። ታዲያ አንቺ ስትወድቂ ዝም ብለን እንይሽ? አልናት። አሰበች። «መሬቱን በሉ» አለች። «መሬቱን ይድፋው። መሬት እንደሆነ ቀድሞ የተደፋ ነው፤ ምንም አይሆንም።» ከዚያ ወደ ጥጉ እያየች፣ «ፍየሌን አምጡልኝ» አለች። ሚስቴ ስታመጣላት በቀሚሷ ጫፍ አቧራዋን እየጠረገችላት ነበር።

ሰፈሩን ማስተማር ቀላል አልነበረም። አፍ የለመደውን ይላል። ጎረቤታችን ልጅቷ ዘንበል ስትል ባየች ቁጥር፣ «እኔ—» ትልና ሕጉ ትዝ ሲላት፣ «እኔ እንጃ!» ብላ ትጨርሰዋለች። ልጄ በዚህ በጣም ትሥቃለች፤ አንዳንዴ ሴትዮዋን ለማየት ብላ ሆን ብላ ዘንበል የምትል ይመስለኛል። እናቴ ደግሞ አፏን በነጠላዋ ይዛ ዓይኗን ብቻ ታፈጣለች። ከዓይኗ የሚወጣውን ቃል ግን ሁላችንም እንሰማዋለን።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ሌላ ጥያቄ መጣ። «ከተማውንስ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በትምህርት ቤቱ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ የእኛን ሕግ ከየት ያውቃል። ወደ ታፔላ ጸሐፊው ሄድሁና በባጃጄ ጀርባ ላይ በትልቁ «እኔን ማለት ክልክል ነው» አስጻፍሁ። ሰውዬው፣ «ነገሩ ጎደሎ ነው፣ ምን ልጨምርበት?» አለኝ። ምንም አትጨምር አልሁት።

የተሳፋሪው ትርጉም ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ የተማረ ሰው ወርዶ አንብቦ ሲያበቃ፣ «ራስ ወዳድነትን መቃወምህ ነው፤ ጎበዝ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። አንዲት ወጣት የፍቅር ነገር መስሏት አዘነችልኝ። አንድ ቀን ደግሞ ትራፊክ አስቆመኝና፣ «ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ ከኋላ የተቀመጠችውን ልጄን አየ፤ ዎከሯን አየ፤ የታጠፉትን እግሮቿን አየ። «እኔን» አለ።

«መሬቱን ነው የሚባለው» አለችው ልጄ።

«ይቅርታ፣ መሬቱን» አለና በእጁ እለፉ አለን።

የትምህርት ቤቱ መክፈቻ ቀን ባጃጄን ከበሩ ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆምሁ። እቅፍ አድርጌ ላደርሳት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ማታውኑ ወስናለች። ብቻዬን ነው የምገባው አለች። ከባጃጁ እስከ በሩ ኮብልስቶን ነው። ይህን ኮብልስቶን ያነጠፈ ሰው ልጅ ይኖረው እንደሆን ሁልጊዜ አስባለሁ። ፍየሏን አወረድሁላት። እናቷ የለካችው ቀሚስ ልክ ነበር፤ በመጨረሻ ቆማ ነው የተለካችው።

ሄደች። እኔ ከኋላ ቆሜ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ። ዩኒፎርም የለበሱት ልጆች በግራና በቀኝ እየሮጡ ያልፏታል። መሃል መንገድ ላይ የፍየሏ የፊት እግር ሁለት ድንጋይ መካከል ገባ። ልጄ ወደ ጎን አዘነበለች። ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የመጡት የሰፈራችን እናቶች በአንድ አፍ፣ «መሬቱን!» አሉ። እኔም እንደማስታውሰው መሬቱን ብያለሁ። የበሩ ዘበኛ፣ ሽበታቸው የወጣ ሰው፣ የእኛን ሕግ አያውቁም። «እኔን ይድፋኝ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

ልጄ አልወደቀችም። የፍየሏን እግር ነቅላ ቀጥ አለችና ዘበኛው ፊት ሄዳ ቆመች።

«አያ፣ ጫማዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ሰውዬው ግራ እየገባቸው አንድ እግራቸውን አነሡላት። ጎንበስ ብላ ሶሉን አየችው። «ደህና ነው፣ አይደፋዎትም» አለቻቸውና አልፋቸው በበሩ ገባች። ዘበኛው እግራቸውን እንዳነሡ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ደግሞ ማንንም ማየት አልቻልሁም።

ተመልሼ ወደ ባጃጄ ስሄድ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ስለነበር ከመንገዱ ጠርዝ ያለውን የውኃ መውረጃ ቦይ አላየሁትም። አንድ እግሬ ገባና በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ይህን ያህል አላመመኝም፤ ያፈርሁት ይበልጣል። ገና ሳልነሣ ከበሩ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

«እኔን!»

ዞር ብዬ አየሁ። ልጄ በሩ ውስጥ ቆማ አንድ እጇን ከፍየሏ ላይ አንሥታ አፏን ይዛለች። ያ ሰማያዊ የሚመታው ዓይኗ ፈጥጧል። እኔ ቦዩ ውስጥ ሆኜ እሷን አያለሁ፤ እሷም እኔን ታየኛለች። ተነሥቼ ሱሪዬን አራገፍሁ፤ እግሮቼን አንድ በአንድ አንሥቼ የጫማዎቼን ሶል አሳየኋት።

ቀስ ብላ እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

«አፌ ነው አባዬ» አለችኝ። «እኔ አይደለሁም።»

አውቃለሁ አልኋት። ከዚያ ፍየሏን አዞረችና እያንቋቋች በእግሯ ወደ ክፍሏ ሄደች።